ከበሩ ውጭ

ተረት ቢሆን ኖሮ «ተረት ተረት» ብዬ እጀምርላችሁ ነበር፤ እናንተም «የላም በረት» ትሉኝ ነበር። ይህ ግን የሆነ ነገር ነው። የሆነውም ሐረር ላይ ነው። ቀረብ በሉና ስሙኝ።

መጀመሪያ ግንቡን በዐይነ ኅሊናችሁ አቁሙልኝ፤ ጀጎልን። አሚር ኑር በ16ኛው መቶ ዘመን ያሠሩት፣ ዙሪያው ከ3 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ፣ በድንጋይና በጭቃ የቆመ ግንብ ነው። በጥንቱ ዘመን አምስት በሮች ነበሩት። ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በር፣ ፈላና በር እንላቸዋለን፤ የከተማዋ ልጆች ሐረሪዎቹ ደግሞ በራሳቸው ቋንቋ አስማዲን በሪ፣ በድሮ በሪ እያሉ ይጠሯቸዋል። በአሚሮቹ ጊዜ ፀሐይ ስትጠልቅ እነዚህ በሮች ይዘጉ ነበር። ነጋዴው ግመሉን አራግፎ ገብቷል፤ እንጨት ሸጣ የጨረሰችው የገጠር ሴት ወጥታለች። የመግሪብ አዛን ከየመስጊዱ ይሰማል። መዝጊያው ይገጠማል፤ ሌሊቱ ከውጭ ይቀራል።

ከግንቡ ሥር ግን ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ። የጅብ መግቢያ ናቸው። ሐረር ለጅብ እንኳ መሹለኪያ ያበጀች ከተማ ናት። በአሹራ ሌሊት ቅቤ የጠገበ ገንፎ ከግንቡ ውጭ አቅርባ አውሬውን ታበላዋለች። በድሮ ዘመን ረኃብ ገብቶ ጅቡ ሰው ሲበላ አባቶች በገንፎ ታረቁት ይባላል። ይህን ወግ እወደዋለሁ፤ ከሚፈሩት ጋር መታረቅ ትልቅ ነገር ነው።

ይህን ሳስብ ግን ሁልጊዜ ሌላ ሰው ይመጣብኛል። ለጅቡ ቀዳዳ ተሠርቶለታል። ጣቱ ያለቀው፣ የአፍንጫው አጥንት የሰመጠው፣ ቅንድቡ የረገፈው ሰው በዚያ ሌሊት የት ያድር ነበር?

ሐረርን ብቻ መክሰሴ አይደለም። በጎንደርም በሸዋም በጎጃምም ያው ነበር። ዛሬ በሽታውን ሥጋ ደዌ እንለዋለን። የዱሮውን ስሙን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ስድብ ሆኖ ስለ ኖረ አልደግመውም። ሽማግሌ ለጋብቻ ሲላክ የሴቲቱ ወገን የልጁን ዘር ወደ ላይ እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራል፤ ከሚጣሩት ነገሮች አንዱ ይህ ነው፤ «ይህ ነገር በዘራቸው የለም ወይ?» ይባላል። አንድ አያት ቢገኝ ጋብቻው ይፈርሳል። ጎህ ሳይቀድ በየደጁ ቆመው በዜማ የሚለምኑትን ላሊበሎች አስታውሱ። ልመናውን ብንተው ደዌው ይይዘናል ብለው እያመኑ ከአባት ወደ ልጅ ያወረሱት ነው፤ ፍርሃቱ ሙያ እስኪሆን ድረስ ሥር ሰዷል።

በሽታው በዘር አይወርድም። ኖርዌጂያዊው ሐኪም ሐንሰን ተሕዋሲውን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1873 ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጁ አቆጣጠር እንደምነግራችሁ ከወዲሁ ያዙልኝ። ከ100 ሰው 95 ያህሉ በተፈጥሮው ይቋቋመዋል፤ ቢጠጋውም አይያዝም። ጣትንም እንደምንፈራው በልቶ የሚጥል በሽታ አይደለም። የሚገድለው ስሜትን ነው። ነርቩ ሲሞት እጅ የጋለ ምጣድ ላይ ያርፍና አያውቅም፤ እግር እሾህ ወግቶት ሳምንት ይሄድበታል። ቁስሉ ያመረቅዛል፤ አጥንቱ ያልቃል። ሕመም ጠባቂ ነው፤ ሥጋ ደዌ ያን ጠባቂ ያነሣዋል። ሌላው ጥፋት የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

እኛ ግን ለዚህ ሰው ምጽዋት አልነፈግነውም፤ ይህን መካድ ግፍ ነው። «ስለ ማርያም» ሲል ሰምተን ዝም ብለን ያለፍነው ጊዜ ጥቂት ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር፣ የመስጊዱ ደጅ፣ የዓርቡ ሰደቃ፣ የተዝካሩ ድግስ፣ ሁሉም ጋ ድርሻ ነበረው። የነፈግነው ሌላ ነገር ነው። ምን እንደ ሆነ ለማስረዳት አንድ የራሴን ነገር ልንገራችሁ።

ልጅ ነበርሁ። ታኅሣሥ 19 ቀን ነው፤ ከአያቴ ጋር ቁልቢ ገብርኤል ወጥተናል። ከአዱዋ በኋላ ራስ መኮንን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩበትን ያን ኮረብታ በበዓሉ ቀን ያየ ያውቀዋል፤ ሰው እንደ ጎርፍ ነው። በመንገዱ ግራና ቀኝ ድውያኑ ተደርድረዋል። አያቴ ሳንቲሞቹን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ይዛለች፤ እየፈታች ትሰጠኛለች፤ እኔ እየዞርሁ አድላለሁ። ደስ ብሎኛል፤ ራሴን ደግ ልጅ አድርጌዋለሁ። አንድ ሰው ሁለት እጆቹን እንደ ጽዋ አገጣጥሞ ዘረጋልኝ። ጣት አልነበረውም። ሳንቲሙን ከላይ ለቀቅሁለት። እጁን እንዳልነካ ብዬ ነው ከላይ የለቀቅሁት። ሳተው፤ ጠጠሩ መካከል ተንከባለለ። ሰውየው በመዳፎቹ መሬቱን እየዳሰሰ ሊያነሣው ሞከረ። ሳንቲም በመዳፍ አይነሣም፤ ይንሸራተታል። ደግሞ ሞከረ። ቆሜ አየዋለሁ። አንድ ጊዜ ጎንበስ ማለት ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። አያቴ ጠራችኝና ሄድሁ። ሰውየው አልተቆጣኝም። ሳንቲሙ ገና መሬት ላይ እያለ «ገብርኤል ይጠብቅህ፣ እደግ» ብሎ መረቀኝ።

እንግዲህ የነፈግነው እጃችንን ነው። ሰጥተን እንሄዳለን፤ ስንሰጥም ከላይ እንለቅቃለን።

ወንጌሉ ላይ ማርቆስ በመጀመሪያው ምዕራፍ ስለ አንድ ለምጻም ይተርካል። በሙሴ ሕግ ይህ ሰው ከሰፈር ውጭ ብቻውን የሚኖር፣ ሰው ሲቀርበው ርኩስ ነኝ እያለ የሚጮኽ ነው። መጥቶ ተንበረከከ። ጌታ በቃሉ ብቻ ሊያነጻው ይችል ነበር፤ ሌሎችን ከሩቅ ፈውሷል። እዚህ ግን በመጀመሪያ እጁን ዘርግቶ ዳሰሰው፤ ንጻ ያለው ከዚያ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉልኝ። ሰውየው የተዳሰሰው ገና ቁስለኛ ሳለ ነው። ካነጻው በኋላ ቢዳስሰውማ ንጹሕ ሰው መዳሰስ ይሆን ነበር፤ ያንንማ ሁላችንም እናደርገዋለን።

ይህ የመዳሰስ ነገር አሲዚ በምትባል የጣልያን ከተማ አንድ የጨርቅ ነጋዴ ልጅ ላይ ደረሰ። ፍራንቸስኮስ ነው። ወጣት ሳለ ድውያኑን ሲያይ ይሸሽ ነበር፤ መሸሹ ካበቃበት ቀን ጀምሮ ሌላ ሰው ሆነ። በ1226 ሳይሞት በፊት ለመንፈስ ልጆቹ ኑዛዜ ሲተው የሕይወቱን ታሪክ የጀመረው ከዚያው ከድውያኑ መካከል ነው። ከእሱ ልጆች ከተቆጠሩት መነኮሳት ወገን ካፑቺን የሚባሉ አሉ፤ ቡናማ ቀሚስ ለብሰው በገመድ የሚታጠቁት። ሐረር የደረሱት እነሱ ናቸው።

በ1881፣ ከተማዋ በግብጾች እጅ ሳለች፣ ሞንሴኞር ቶሪን ካኛ ጀጎል ገቡ። ያኔ አርተር ራምቦ የሚባለው ፈረንሳዊ ባለቅኔም እዚያው ቡናና ቆዳ ይነግድ ነበር። እስከ ዛሬ ሐረር የሚመጣ እንግዳ ሁሉ የራምቦን ቤት አሳዩኝ ይላል። ይጠይቅ፤ ምን ከፋኝ። ግን በዚያው ዘመን በእነዚያው ጠባብ መንገዶች የሄዱ፣ የሐረርን ሰው ቁስል ያጠቡ ፈረንሳዮችም ነበሩ፤ የእነሱን ቤት አሳዩኝ የሚል እንግዳ ግን አልገጠመኝም። ይህ ያሳዝነኛል።

ከእነዚህ አንዱ አባ እንድርያስ ናቸው፤ በፈረንሳይኛ ስማቸው ሞንሴኞር አንድሬ ዣሮሶ። በ1858 ፈረንሳይ ውስጥ ቫንዴ በሚባል አገር ተወለዱ፤ ሐረር መጥተው ግማሽ ምዕት ዓመት ያህል ኖሩባት። በ1900 ጳጳስ ተባሉ። በማግስቱ ዓመት፣ በ1901፣ አባ ማሪ በርናር የሚባሉት የማኅበራቸው መነኩሴ ከከተማዋ ግንብ ውጭ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ቤት ከፈቱ። ቅዱስ አንጦንዮስ ተባለ። በኢትዮጵያ ምድር ለዚህ በሽታ ሲባል የተከፈተ የመጀመሪያው የሕክምና ቦታ እሱ ነው። ራስ መኮንንም ደገፉት።

ራስ መኮንንን እዚህ ላይ ቆም ብዬ ላመስግናቸው። እሳቸው ኦርቶዶክስ ናቸው፤ ቁልቢን ያነጹ ናቸው። መነኮሳቱ ካቶሊኮች ናቸው። ከተማዋ የሙስሊም ናት፤ በ1887 ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ በኃይል የተያዘች፣ ሐዘኑ ገና ያልወጣላት ከተማ። በዚያ ዘመን በካቶሊክና በኦርቶዶክስ መካከል የነበረው መጠራጠር ቀላል አልነበረም፤ ከሱስንዮስ ጀምሮ የፈሰሰ ደም አለበት። እኚህ ሰው ግን ድውዩን ማን ያጥበው ሲባል የሚያጥበውን ሰው ሃይማኖት አልጠየቁም። ልጃቸውን ተፈሪንም ከሚሲዮኑ ሰዎች ዘንድ እንዲማር አደረጉ፤ በሚሲዮኑ ያደጉት ኢትዮጵያዊው አባ ሳሙኤል መምህሩ ሆኑ። አባ ሳሙኤል በ1915 ሐረማያ ሐይቅ ላይ ታንኳ ሲሰጥም ከደቀ መዝሙራቸው ጋር ነበሩ፤ ተፈሪ ተረፉ፣ መምህሩ ግን ከውሃው አልወጡም። ያ ሐይቅ በእኛ ዘመን ደርቆ መሬቱ ሲሰነጠቅ አይተናል። ተፈሪ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ከነገሡ በኋላ የሕይወታቸውን ታሪክ ሲጽፉ መምህራቸውን አልረሱም።

ወደ ቤቱ ልመለስ።

ልባችሁን የምፈልገው እዚህ ላይ ነው። በ1901 ለሥጋ ደዌ መድኃኒት አልነበረም። ከሕንድ አገር ዛፍ ፍሬ የሚጨመቅ ሾልሙግራ የሚባል ዘይት ነበረ፤ ሲወጉት ያሠቃያል፣ ፈውሱ የማያስተማምን ነው። ዓይነተኛው መድኃኒት የተገኘው በ1940ዎቹ ነው። ቁጠሩት፤ 40 ዓመት ነው። 40 ዓመት ሙሉ ያ ቤት ማንንም አድኖ ለመላክ አቅም አልነበረውም። ያለው ሙቅ ውሃ ነው፤ ጨርቅ ነው፤ ሳሙና፣ ምግብ፣ ከዝናብ የሚያስጥል ጣራ፣ በመጨረሻም መቃብር። ዛሬ ያጠቡት ቁስል ነገ ይከፈታል። እሱን ያጥባሉ። ከነገ ወዲያም ያጥባሉ። ሰውየው ከዓመት ዓመት እየባሰበት ይሄዳል፤ ዐይኑ ይጠፋል፤ አጣቢው ግን አልሄደም።

እኛ ሰው የምንረዳው እንዲሻለው ነው። ልጁን አስተምረን እንዲመረቅ እንጠብቃለን፤ ሱሰኛውን አሳክመን ዳግመኛ ቢወድቅ «አልሰማ አለኝ» ብለን እንተወዋለን። ውለታው ፍሬ ካላፈራ ይቆጨናል። «ከወደዱ እስከነ ንፍጡ» የሚል ተረት አለን፤ ስንተርተው እንስቃለን፣ ከቅድመ ሁኔታ ውጭ መውደድን በቋንቋችን ከዚያ የበለጠ የሚያስረዳ ግን አላገኘሁም። የቅዱስ አንጦንዮስ ሰዎች ፍሬ የማይታይበት ሥራ ላይ 40 ዓመት ተቀመጡ። «ይሻለዋል» ብለው ቢሆን ኖሮ በሁለተኛው ዓመት ይሄዱ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ሰው ተነሥቶ ይጠይቀኛል፤ ጥያቄው ደግሞ ትክክል ነው። «ሚሲዮን አይደለም እንዴ? የሚያጥበው ሊያጠምቅ ብሎ አይደለም ወይ?» ይላል። ይህን አልሸሸውም። ሚሲዮኖች የመጡት ሊሰብኩ ነው፤ ሰብከዋልም። የሰውን ችግር መረብ አድርገው ነፍስ ያጠመዱ ሰባኪዎች በዓለም ላይ ነበሩ፣ ዛሬም አሉ፤ ዳቦ ይዘው «መጀመሪያ እመን» የሚሉ። እንዲህ ያለው ነገር ንግድ ነው፤ ወንጌሉን ራሱን ያዋርደዋል። እኔ የማውቀው መመዘኛ አንድ ነው፣ እሱንም ያገኘሁት ከሉቃስ ወንጌል ነው። ዐሥር ለምጻሞች ከሩቅ ቆመው ጮኹ፤ ዐሥሩም ነጹ። ተመልሶ ያመሰገነው አንዱ ነው፤ እሱም ሳምራዊ፣ የሌላ ወገን ሰው። ዘጠኙስ የት አሉ ተብሎ ተጠየቀ። አዎ፣ ተጠየቀ፤ ያማል፣ ፍቅር ሲዘነጋ ያማል። ነገር ግን ከዘጠኙ አንዱ እንኳ መንገድ ላይ ለምጹ ተመለሰበት የሚል ቃል ወንጌሉ ውስጥ የለም። ያላመሰገነው ንጹሕ እንደ ሆነ ቤቱ ገባ። ልጆቹን አቀፈ።

የሚያጥበው ሰው ቁስለኛው ሳይጠመቅ፣ ሳያመሰግን፣ ሳይድንም ነገ ተመልሶ የሚያጥበው ከሆነ ነገሩ ፍቅር ነው። ሐረር ዙሪያ ያለው ድውይ ኦሮሞ ነው፣ ሶማሌ ነው፣ አማራ ነው፣ አርጎባ ነው፤ አብዛኛው የሚሰግደው ወደ መካ ነው። ቁስሉ ግን የአንድ ቋንቋ ነው።

በዚያች ከተማ ሌላም የማከብረው ነገር አለ። ሐረሪዎች አፎቻ የሚሉት ማኅበር አላቸው። በሠርግ በለቅሶ ይተጋገዛሉ፤ አንዱ ሲሞት ሌላው ሳይጠራ ይደርሳል። የእኛ ዕድር ወንድም ነው። ያለ ዕድር ያለ አፎቻ በከተማ መኖር እንዴት እንደሚከብድ የኖረበት ያውቃል። ዕድር ግን መዝገብ አለው። ስም አለ፣ መዋጮ አለ፣ የቀረ ይቀጣል፤ ያልተመዘገበውን ሰው ማን ይቅበረው? ወንጌሉ የሚጠይቀን ከዚህ ነው የሚጀምረው፤ ከመዝገቡ የመጨረሻ ስም ቀጥሎ ካለው ባዶ መስመር። ይህን ስል ዕድርን ማቃለሌ አይደለም፤ የአገራችን ምሰሶ ነው። ከበሩ ውጭ ያለው ሰው ግን ከመዝገቡም ውጭ ነው።

በ1936 ጣልያን ሐረርን ያዘ። ፈረንሳዮቹ መነኮሳት ተገፉ፤ ዣሮሶም በስተርጅናቸው ዕድሜያቸውን ከፈጁባት ከተማ ወጥተው ወደ ተወለዱበት አገር ሄዱ። ከ50 ዓመት በኋላ የትውልድ አገር ስደት እንደሚሆን ውጭ አገር ያረጀ ሰው ይነግራችኋል። በጃንዋሪ 1941 ቱሉዝ ከተማ ዐረፉ። ሐረር ላይ ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚያውቋቸው ንጉሠ ነገሥት በኦሜድላ በኩል ድንበር ተሻግረው ወደ አገራቸው የገቡት በዚያው ወር ነው። ዣሮሶ ይህን ሳይሰሙ ሄዱ።

ቤቱ ግን አልተዘጋም። ዶክተር ዣን ፌሮን የሚባሉ ፈረንሳዊ ሐኪም ለብዙ ዓመታት ሕሙማኑን አከሙ። በ1950ዎቹ ውስጥ የእሳቸው ወሬ ጀርመን ደረሰ። ቩርትስቡርግ በምትባል ከተማ ሄርማን ኮበር የሚባል ጋዜጠኛ ስለ ፌሮንና ስለ ሕሙማኑ የተጻፈ አነበበ። እኛም በየቀኑ የስንቱን መከራ እናነባለን፤ ከንፈር እንመጥጥና ገጹን እንገልጣለን። ኮበርና ባለቤቱ ኢሬኔ ከወዳጆቻቸው ጋር ሆነው በ1957 ማኅበር መሠረቱ። ጀርመን ከጦርነቱ ፍርስራሽ ከወጣች ገና 12 ዓመቷ ነበር፤ የራሷ ቁስል ሳይሽር ነው እጇን ወደ ሐረር የዘረጋችው። ማኅበሩ ዛሬ በብዙ አገሮች የሥጋ ደዌና የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማንን ይረዳል፤ ሲጀምር ግን በልቡ የነበረው ቢሲድሞ ነው።

ቢሲድሞን የማታውቁ፣ ከሐረር በስተምሥራቅ ወደ ባቢሌ በሚወስደው መንገድ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ሂዱ። ሞቃት ቆላ ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ እዚያ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን መንደርና ሆስፒታል ተሠራ። ጀርመኖች መጥተው ከሕሙማኑ ጋር ኖሩ፤ የሚታከመው ሰው እንዲያርስ፣ እንዲሸምን፣ እንዲገነባ፣ ልጆቹ እንዲማሩ ሆነ። ድውዩ ደጅ መቀመጡ ቀርቶ ደጅ ያለው ሰው ሆነ። ዛሬ ቢሲድሞ ሆስፒታል የአካባቢው ገበሬ ሁሉ የሚታከምበት ነው፤ ወላድ የምትሄደው፣ ልጅ ሲያተኩሰው የሚወሰደው እዚያ ነው። ሰው የሚሸሸው ቦታ ሰው የሚሮጥበት ሆነ። ይህን ሳስብ ደስታዬን መደበቅ አልችልም።

መድኃኒቱም መጣ። የዓለም ጤና ድርጅት በ1981 ሦስት መድኃኒቶች አብረው እንዲሰጡ መከረ። በሽተኛው እንደ ሁኔታው 6 ወር ወይም 12 ወር ይወስዳል፤ ይድናል፤ መውሰድ ሲጀምርም ወዲያው ወደ ሌላ ማስተላለፉ ይቆማል። ከ1995 ጀምሮ በነፃ ይሰጣል። አዲስ አበባ ላይ በ1965 የተቋቋመው የሥጋ ደዌ ማሠልጠኛ፣ አለርት፣ ከመላው አፍሪካ የመጡ ሐኪሞችን አሠልጥኗል። በሽታው ዛሬ የሚድን በሽታ ነው። ጊዜ ሳያልፍ ከታከመ አንድ ጣት እንኳ አይጎድልም። አሁንም በአገራችን በየዓመቱ አዳዲስ ሰዎች ይገኛሉ፤ ዘግይተው ሐኪም ጋ የሚሄዱት ደግሞ ክኒን ጠፍቶ አይደለም። ቆዳቸው ላይ የማይሰማ ነጣ ያለ ምልክት አይተው ይደብቁታል። እኛን ፈርተው ነው የሚደብቁት። በሽታውን ክኒን አዳነው፤ እኛን ግን ክኒን አላዳነንም።

ሐረር ውስጥ ዛሬም ገንደ ፈሮን የሚባል ሰፈር አለ። ገንደ በኦሮምኛ መንደር ማለት ነው። የሐኪሙ ስም በኦሮምኛ ቃል ታቅፎ የሰፈር ስም ሆኖ ቀረ። ይህን ስም በቀን ስንት ጊዜ የሚጠራ ሰው ሁሉ ፌሮን ማን እንደ ነበሩ ያውቃል አልልም። ግን ሰፈር በአንድ ሰው ስም የሚጠራው ሰውየው ሲኖርበት ነው፤ ከሩቅ በሚሰጥ ሰው ስም የተጠራ ሰፈር አላውቅም።

አሁን ወደ ቁልቢ ልመልሳችሁ።

ካደግሁ በኋላ ነው፤ አያቴ ዐርፋለች። ታኅሣሥ 19 ቀን በዚያው ኮረብታ እየወጣሁ ነው። ያን ሰው እፈልግ ነበር ብዬ ብነግራችሁ ዋሸሁ ማለት ነው፤ በሕይወት እንደማይኖር አውቃለሁ። ግን ዐይኔ በመንገዱ ግራና ቀኝ ይዞራል። አንድ ሽማግሌ አየሁ፤ እጆቹ እንደዚያኛው ሰው እጆች ናቸው። አጠገቡ ውሃ የሞላ የፕላስቲክ ጠርሙስ ተቀምጧል። ገንዘብ ላወጣ ኪሴ ገባሁ። እሱ ገንዘቡን አልተመለከተም፤ በመዳፎቹ ጠርሙሱን አንሥቶ ወደ እኔ ገፋ አደረገልኝ።

«ልጄ፣ ክዳኑን ክፈትልኝ» አለኝ። «ከጧት ጀምሮ ጠምቶኛል።»

ከጧት ጀምሮ። ስንት ሺህ ሰው አልፏል በአጠገቡ። ፊቱ የተዘረጋው ጨርቅ ላይ ብሩ ተከምሯል።

አጠገቡ ተቀመጥሁ። ክዳኑን ከፈትሁ። ልሰጠው ስዘረጋ መዳፉን ከፍ አድርጎ ከለከለኝ።

«እንግዳዬ ነህ» አለ። «አንተ ቅመስና ስጠኝ።»

መድኃኒቱን አውቃለሁ። በሽታው እንዴት እንደሚተላለፍ፣ እንዴትም እንደማይተላለፍ አሁን እናንተን ሳስተምር ሰምታችኋል። ያም ሆኖ እጄ አየር ላይ ቆየች። እሱ አልቸኮለም፤ ደረቅ ከንፈሩን እየመጠጠ ጠበቀኝ።

ጠጣሁና ሰጠሁት። ጠርሙሱን በሁለት መዳፎቹ አጣብቆ ከያዘው በኋላ እንዳይንሸራተትበት እጄን ከእጁ በታች አደረግሁ፤ ጠጥቶ እስኪጨርስ ድረስ ሁለታችንም አንድ ጠርሙስ ይዘን ተቀመጥን። ከዚያ የየት አገር ሰው እንደ ሆንሁ ጠየቀኝ።